ወደ ጋሼ ግንብ

የዚያ ዓመት ዝናብ ክፉ ነበር። ቀድሞ ገባ፣ አልወጣም ብሎም ቆየ። ፍራሽ ሻገተ፣ ዱቄት ተጓጎለ፣ የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ሸተተ። ሥራ ጠፋ፤ በብርድ ፋን የሚያስጠግን የለም፣ ውኃ ከሰማይ እየወረደ ፓምፕ የሚያሠራ የለም። በጓሮ በኩል ያለው የቤቱ ግድግዳ ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁ መጀመሪያ ጥፍር ያስገባ ነበር፣ ኋላ ጣት አስገባ። አሮጊቷ እናት ሳል ያዛት።

ልጇን ሰፈሩ ሽቦ ይለዋል። የተቃጠለ ሞተር ፈትቶ በመዳብ ሽቦ መልሶ መጠቅለል ሥራው ስለሆነ ነው፤ ቅጥነቱም ሳያግዝ አልቀረም። በዚያ ዝናብ መሐል አንድ ማለዳ ጓሮ ቆሞ ጥርሱን ሲቦርሽ ከግንቡ ማዶ የታላቅ ወንድሙን ድምፅ ሰማ። ታላቅየው ተቋራጭ ነው። አባታቸው ሲሞት ቦታው ለሁለት ተከፍሎ፣ እሱ በድርሻው ላይ ፎቅ አቁሟል፤ ሽቦ ከሚስቱና ከእናቱ ጋር አባቱ በሠራው ቤት ቀርቷል። ግንበኛው ነበር የሚጠይቀው፤ ይኼ የወንድምህ ቤት ወደ እኛ እያዘመመ ነው፣ አንድ ነገር እናድርግለት ወይ አለ። «ተወው፣ በራሱ ይወድቃል» አለ ታላቅየው። «ሲወድቅስ ቦታው ወዴት ይሄዳል ብለህ ነው?» ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ሽቦ የጥርስ ብሩሹን እንደነከሰ ቆሞ ቀረ።

ታላቅየው እሁድ እሁድ ብርቱካን ይዞ ይመጣል። ከእናቱ አልጋ ጫፍ ይቀመጥና እጇን ይዞ ያጫውታታል። ቤቱን ያሰጠመው የሽቦ በርሜል መሆኑን የነገራት እዚያው ተቀምጦ ነው። ሽቦ ድሮ የጠገነውን ፓምፕ ጓሮ ውስጥ በበርሜል ውኃ ይሞክር ነበር፤ ይፈስም ነበር። በርሜሉን ወደ ሱቁ ካዛወረው ዓመታት አልፈዋል። ነገሩ ግን እውነት ስለሚመስል አሮጊቷ አመነች። ባሌ ድንጋይ በጀርባው ተሸክሞ ያቆመውን ቤት ይኼ በእጣቢ ጣለው አለች። ከዚያ ወዲህ ታናሽ ልጇን አታናግረውም፤ የምትፈልገውን ለምራቷ ነው የምትናገረው። «ለባልሽ ንገሪው፣ መስኮቱን ይዝጋው» ትላለች፣ ባልየው መስኮቱ ሥር ቆሞ። ሽቦም ይዘጋል። አንዳንዴ ራሱ፣ እውነት እኔ እሆን እንዴ ይላል። ይኼን ጥርጣሬ ልቡ ውስጥ ያስገባበትን ወንድሙን ከነገሩ ሁሉ ይልቅ በዚህ ይጠላዋል።

አንድ ቀን ሽቦ በታላቅየው ጣሪያ ላይ የሚያርፈው ውኃ ወዴት እንደሚወርድ ሊያይ መሰላል አቁሞ ግንቡ ላይ ወጣ። ጫፉ ላይ ጠርሙስ ተሰክቷል፣ ከዚያ ማዶ ደግሞ ትልቅ የውኃ ታንከር ጋርዷል። ሽቦ ምንም ሳያይ ታላቅየው ፖሊስ ጠራ። ሰፈሩ ወጥቶ እያየ ሽቦን በፒጃማ ሱሪ ወሰዱት። «ታናሽ ወንድሜ ነው፣ እንዳትመቱት፣ ጭንቅላቱ ትንሽ…» አለ ታላቅየው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ። ሽቦ መታሰሩን ረሳው። «ትንሽ» የምትለዋን ግን አልረሳም፤ ሽቦ ሲጠቀልል፣ ምላጭ ሲፈልግ፣ ፊቱን ሲታጠብ ትመጣበታለች። ብድሩን ሳይመልስ እንደማይሞት ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ልብስ ተኳሽ ናት፤ ካውያዋን ሳታነሳ፣ እንግዲያው ቶሎ መልስና እንገላገል አለችው።

ቤቱን የምትመረምረው የማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ የምትመጣበት ቀን ደረሰ። ከእሷ በፊት የመጣው ሰው ታላቅየው ቤት ሻይ ጠጥቶ፣ ከፊት በኩል ወደ መንገድ የተሰቀለ ቱቦ አይቶ፣ ውኃው በደንብ ይወርዳል ብሎ ሄዷል። የዛሬው የመጨረሻው ነው። ቤቱ በባለቤቱ ቸልተኝነት ተበላሸ ከተባለ ይፈርሳል፤ ቦታውም ለአዋሳኙ ይሰጣል። አዋሳኙ ታላቅየው፣ ሽቦ ጋሼ የሚለው ወንድሙ ነው። ሽቦ የወንድሙን ጣሪያ ከላይ የሚያሳይ ምስል ከመሐንዲሷ ፊት ማስቀመጥ አለበት፤ ለዚህ ነው ድሮን የሠራው።

የሠራት ከስብርባሪ ነው። አንድ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ድሮኑን ዛፍ ላይ ከስክሶ፣ ተጫወትበት ብሎ በፌስታል ጥሎለት ሄዶ ነበር። ካሜራውና በረራዋን የሚመራው ቦርድ ደህና ነበሩ፣ ከሞተሮቹ የተቃጠሉትን ራሱ ጠቀለለ። አካሏን ከመጋረጃ ሐዲድ ቆርጦ በመስቀል መልክ አሠረው፤ በየጫፉ ሞተር፣ በየሞተሩ ፕሮፔለር፣ መሐሉ ላይ ባትሪና ቦርድ። ፕሮፔለሩን ግን መግዛት ግድ ሆነበት። የአንዱ ዋጋ የሁለት ፋን ጥገና ይበላል። 

ጠዋት ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ጓሮ አወጣት። ጓሮው በቤቱና በግንቡ መሐል ያለ ጠባብ መሬት ነው። መሬት እንደለቀቀች ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠች። ስልኩ ላይ የሚመጣው ምስል ሁሉ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስል ነበር። ሽቦ አወረዳት። ፕሮፔለሮቹን አንድ በአንድ ፈትቶ በቀጭን ሚስማር ላይ ሰክቶ፣ ሚስማሩን በሁለት ብርጭቆ አፍ ላይ አጋደመው፤ ከባዱ ክንፍ ወደ ታች ሲሰምጥ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው። እየፋቀ ወንድሙን ያስባል። ያ ወፍራም አንገት ሲዞር፣ ያ ድምፅ ሲሰለል፣ አፉን ሞልቶ ሲናገር የኖረ ሰው ቃል ሲያጣ። ክንፎቹ ተካክለው በአግድም ሲቆሙለት ቦርዱን ደግሞ አየው። በአሉሚኒየሙ ላይ በቀጥታ ስለታሠረ የሞተሩ ንዝረት ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። ከዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ትንሽ ትንሽ ቆርጦ ሥሩ አስገባለት። ሚስቱ የስፖንጁን ግማሽ አጥታ ስትፈልግ አይቶ አላየሁም አለ።

መንቀጥቀጡ ቆመ። ሌላ ነገር መጣ። ድሮኗ ጸጥ ብላ ትነሳና፣ ከሰው ቁመት እንዳለፈች፣ አንድ ሰው በገመድ እንደሚስባት ወደ ግንቡ ትሄዳለች። መቆጣጠሪያውን ወደ ራሱ ሲጎትት ትመለሳለች፤ ሲለቃት እንደገና ወደ ግንቡ። በመጀመሪያው ግንቡን ገጭታ የአንዱ ፕሮፔለር ጫፍ ተሸረፈ። «የሰውዬውን ግንብ የምትወደው አንተ ነህ ወይስ እሷ?» አለችው ሚስቱ ከበሩ። አልሳቀም። የተሸረፈውን ቀየረ። ባትሪው ወደ አንድ ወገን አድልቶ ይሆናል ብሎ አስተካክሎ አሠረው። ወደ ክፍሉ አስገብቶ እንደ ደንቡ ወለሉ ላይ አስቀመጣት፤ ቦርዱ በተነካካ ቁጥር ቀጥ ያለው የትኛው እንደሆነ እንደ አዲስ ይነገረዋልና፣ ቁልፉን ተጭኖ እስኪበራ ጠበቀ። አወጣት። ወደ ግንቡ።

ሞተር ደክሞ ይሆናል አለ። ይኼ ሥራው ነው፤ የደከመ ሞተር የሚደብቀው ነገር የለም። በግንቡ በኩል ያሉትን ሞተሮች በማዶ ካሉት ጋር አለዋወጣቸው። ሕመሙ የሞተር ከሆነ ሞተሩን ተከትሎ ይዞራል፣ ድሮኗም በተቃራኒው ወደ ቤቱ ትሄዳለች። እንደገና ወለሉ ላይ አስቀመጣት፣ እንደገና ቁልፉን ተጫነ። ወደ ግንቡ። ከማዶ የታላቅየው መኪና ሲነሳ ተሰማ፤ መሐንዲሷን ሊያመጣ መሄዱ ነው። የሰው መሐንዲስ በገዛ መኪናው የሚያመላልስ፣ ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው። ሽቦ ነፋስ ይሆን እንዴ ብሎ ቅጠሎቹን አየ፤ አይንቀሳቀሱም። ለመጨረሻ ጊዜ ድሮኗን ፊቷን አዙሮ፣ ጀርባዋን ወደ ግንቡ ሰጥቶ አስነሳት። ይኼን ጊዜ ወደ ወጥ ቤቱ በር መጣች። ሚስቱ መጥበሻ እንደያዘች ጎንበስ አለች።

«አሁን ደግሞ ወደ እኔ ላክሃት?»

«እኔ አይደለሁም፣ ራሷ ናት።»

«እንደ እናትህ፣ ያስለመዷትን ይዛ ነዋ።»

አውርዷት ኮርቻ በምታክል ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ነፋስ አይደለም፣ ሞተር አይደለም፣ ክብደት አይደለም። ፊቷ ሲዞር ጥፋቱም አብሯት ዞረ፤ ስለዚህ ያለው ከእሷው ጋር ነው። በገዛ እጁ የጠቀለለው ነገር እንዲህ ሲያሾፍበት ያመዋል። ከማዶ ግንበኛው ሲያፏጭ ይሰማል። ሽቦ ለቅጽበት ድሮኗን አንስቶ በግንቡ ላይ አሻግሮ ሊወረውራት፣ የፈለገችው እዚያ መሄድ ከሆነ ትሂድ ሊል አሰበ።

ከውስጥ ሚስቱ ለእናቱ እንቁላል ትጠብሳለች። ዘይቱ በመጥበሻው ላይ ወደ ጓሮው ወገን ተሰበሰበ። እሷም ሳታይ፣ ሌላ ነገር እያሰበች፣ የማንኪያ እጀታ ከመጥበሻው ሥር ሸጎጠች። ዘይቱ ተመልሶ ተስተካከለ። ሽቦ ይኼን ስታደርግ አይቷታል፤ ሺህ ጊዜ አይቷታል። ዛሬ ግን ዓይኑ እዚያው ቀረ። ከዚያ ክፍሉን ዞሮ ማየት ጀመረ። የእናቱ አልጋ በጓሮው በኩል ያሉት እግሮቹ ጡብ ላይ ናቸው። ቁም ሣጥኑ ሥር ካርቶን አለ፤ ካርቶኑ ሲርስ ሌላ ካርቶን ይጨመራል። የካውያው ጠረጴዛ እግር በጨርቅ ተጠቅልሏል። በየጊዜው አንድ ነገር ዘመም ሲል አንድ ነገር ሥሩ አስገብተው፣ ዕቃውን ሁሉ ቀጥ አድርገው፣ ሥሩ ያለውን ግን ረስተውት ኖረዋል። ድሮኗን ቀጥ ያለው ይኼ ነው ብሎ ያስተማራት ወለሉ ላይ ነው። ጠረጴዛው ስለሚወዛወዝ አላመነውም፤ ወለሉን አመነው። ድሮኗ አላጠፋችም። የተነገራትን ይዛ፣ ቤቱ ወደሚያዘምበት አዘምማ ትበራለች።

ሳቀ። ሚስቱ ሳቁን ከሰማች ስለቆየች ደንገጥ ብላ በሩ ላይ ብቅ አለች። ነገራት። ወለሉን አየች፣ መጥበሻውን አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ እግሯን አንቀሳቅሳ የቆመችበትን ሞከረች። እንዲህ ሆነን ነው የኖርነው አለች። ድምፅዋ ውስጥ ሽቦ እስከዚያን ቀን ያልሰማው ነገር ነበር። ቂሙን ለብቻው የተሸከመ ይመስለው ነበር፤ እሷ ደግሞ ልብሷን እየተኮሰች የራሷን ስታከማች ኖራለች።

ዝናቡ ተመልሶ መጣ፤ ከባድ ግን አጭር። ሁለቱ በሩ ላይ ቆመው እስኪያባራ ጠበቁ፤ ጣሪያው ሳይደርቅ፣ ውኃው ሲወርድ ነው መታየት ያለበት። እንዳባራ ሽቦ ጓሮው መሐል አሸዋ ከመረ፣ ላዩ ላይ የድሮ መስኮት መስታወት አስተኛ። ቀጥ ያለውን የሚለካው የአባታቸው ውኃ ልክ ከሌሎቹ መሣሪያዎች ጋር ጋሼ ዘንድ ነው። ሚስቱ ዝርግ ሳህን አምጥታ መስታወቱ ላይ አስቀመጠችና እስከ ከንፈሩ ውኃ ሞላችው። በአንድ ወገን ፈሰሰ። ሽቦ አሸዋውን በመዳፉ ነካ አደረገ፤ በሌላ ወገን ፈሰሰ። እሷ ትሞላለች፣ እሱ ይነካል፤ አይነጋገሩም። በመጨረሻ ውኃው ከዙሪያው ሁሉ እኩል ሞልቶ፣ ሳይፈስ አበጥ ብሎ ቆመ። ሳህኑን አንስተው ድሮኗን በቦታው አስቀመጡ። ቁልፉን ተጫነ።

ተነሳች፤ ቆመችም። ከግንቡ በላይ፣ ከጠርሙሱ በላይ፣ ክር እንደያዛት ሆና ባለችበት ቆመች። ሽቦ በራሱ ጓሮ ላይ እንዳለች ካሜራዋን ወደ ማዶ አዘነበለው። ሚስቱ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። የታላቅየው ጣሪያ እንዳለ ተዘርግቶ ታየ። ከፊት ያለው ቱቦ አፉ በስሚንቶ ተደፍኗል። ጣሪያው ሁሉ ወደዚህ ነው የተዘቀዘቀው፤ ውኃው እየተብረቀረቀ ከታንከሩ ጀርባ ወዳለ ወፍራም ቧንቧ ይገባል፣ ቧንቧውም በግንቡ ሥር መሬት ውስጥ ይጠፋል። አፉ ወደ እነሱ ነው። «አየህልኝ?» አለች ሚስቱ። አየ። አንጀቱ ቅቤ የጠጣ መሰለው። ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ፣ ባትሪው እስኪያስጠነቅቅ ቀረጸው።

መሐንዲሷ በታላቅየው መኪና አልመጣችም፤ ግብዣውን ትታ በራሷ ነው የመጣችው። ወጣት ናት፣ ጥቂት ነው የምትናገረው። ታላቅየው ኮቱን ለብሶ ተከትሏት ገባ፣ ሽቦን ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ ስለ በርሜሉ በሐዘኔታ ማውራት ጀመረ። እሷ የራሷን ውኃ ልክ ወለሉ ላይ አስቀምጣ ጎንበስ ብላ አየች፣ ጻፈች። ሽቦ ስልኩን ዘረጋላት። እስከ መጨረሻው አይታ፣ መልሳ ከመጀመሪያው አየችው። ከዚያ ታላቅየውን ከታንከሩ ጀርባ መግባት እፈልጋለሁ አለችው። ቁልፉ ዘበኛው ዘንድ ነው፣ ዘበኛው የለም አለ። እንግዲያው እጠብቃለሁ አለችና ከካውያው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠች። ዘበኛው ሳይቆይ ተገኘ። ሄዳ ወደ ጓሮው ስትመለስ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነበር። ቧንቧው ይወጣል፣ ግድግዳው ይደገፋል፣ መሠረቱ ይጠገናል፤ ወጪው በጎረቤቱ ነው አለች። ቤቱ አይፈርስም።

ወረቀቷን ለመሙላት ወደ ደጅ ስትወጣ ታላቅየው ሽቦን በክንዱ ይዞ ወደ ጓሮው ጥግ ወሰደው። ድምፁ እንደ እሁዱ ለስልሶ ነበር። ጥገና ምን ያደርግልሃል አለው፤ ቤቱን ከመሠረቱ እሠራልሃለሁ፣ በብሎኬት፣ ወለሉን ሴራሚክ አድርጌ፣ በመንገዱ በኩል ሱቅ አወጣልሃለሁ። ለዚህ ሁሉ የፈለገው አንድ ነገር ነው። እናታቸው እንዳትሰማ። መሬቱ በራሱ ሰጠመ እንበላት፣ የማንም ጥፋት የለም እንበላት አለ። የእናታቸው ዓይን ከደከመ ቆይቷል፤ ምስል ብታሳያት አታይም፣ ሽቦ ቢነግራት ደግሞ አታምንም። ይኼን ሁለቱም ያውቃሉ። ሽቦ ሚስቱን አያት። ካውያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። የሻገተውን ፍራሽ በየቀኑ የምታገላብጠው እሷ ናት፤ አዲስ ቤት የሚያስፈልገው ለእሷ ነው። ታላቅየውን ከጫማው እስከ አንገቱ አየችው።

«ሴራሚክ ያንሸራትታል» አለች፣ ወደ ሥራዋም ተመለሰች።

«ግባና ንገራት» አለ ሽቦ።

«አንተ ልጅ፣ እሷ እኮ አሮጊት ናት። ልቧን ማድማት ነው የምትፈልገው?»

«ልቧንስ አድምተኸዋል። የማን እጅ እንደሆነ ትወቅ። ግባ፣ ጋሼ።»

ታላቅየው ገባ። ሽቦ የተከፈተው በር ላይ ቆመ። በጓሮው በኩል ግንበኛው ከነረዳቱ ቧንቧውን ሊያይ መጥቶ ቆሟል፣ ደጅ ላይ መሐንዲሷ ትጽፋለች፣ ጎረቤቶች ከየበራቸው ወጥተዋል። ታላቅየው እንደ ልማዱ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠ፤ እጇን ግን አልያዘም። አሮጊቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ነበር።

«እማዬ፣ የውኃው ነገር…» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከእኔ ጣሪያ ነው የመጣው።»

አሮጊቷ ከግድግዳው አልዞረችም።

«አልሰማችህም» አለ ሽቦ።

ታላቅየው ዞሮ አየው። ዓይኑ ውስጥ ልመና ነበር፤ ሽቦ ደግሞ ይኼን ልመና ለማየት ስንት ዓመት የጠበቀ ሰው ነው፣ አልቸኮለም። ታላቅየው ድምፁን ከፍ አደረገ። ቧንቧውን ወደዚህ የቀበርኩት እኔ ነኝ አለ። እያወቅሁ ነው አለ።

«በርሜሉስ?» አለ ሽቦ።

«በርሜሉ አይደለም። እሱ ምንም አላደረገም፣ እማዬ። እኔ ነኝ።» ከጓሮ የግንበኛው ረዳት ሊስቅ ጀመረና ተወው።

አሮጊቷ ቀስ ብላ ዞረች። የማያዩ ዓይኖቿን ድምፁ ወደመጣበት አደረገች። «መጀመሪያውንም ሰምቼሃለሁ» አለች። ታላቅየው ሊነሳ ሲል እጇ ኮቱን አግኝቶ ጨበጠው።

«ተቀመጥ። ሰው ፊት ነው ስሙን ያጠፋኸው። አሁንም ሰው እንዲሰማ ሌላ አንድ ጊዜ ንገረኝ።»

ታላቅየው ጉሮሮውን ጠረገ። ሽቦ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተው።